ጥጥ የሌለው እንዝርት

ላሊበላ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ የሰፈሩ ልጆች አሮጌ ወይራ ላይ ገመድ አስረው ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፣ እኔም ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ገመዱ ቅርንጫፉን እየፋቀ ሲጥ… ሲጥ… የሚለው ድምፅ በመስኮት ይገባል። ሌላ ሰው ቢሆን ይረበሽበት ይሆናል። እኔን ግን ያ ድምፅ ሳልፈቅድለት ይዞኝ ወደ ተወለድኩባት ብልባላ ይሄዳል፣ አባቴ ከቤታችን ወጋግራ ላይ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ እየገፋ፣ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እየሣቀችበት ወደነበረበት ዘመን ይመልሰኛል፣ ሽሮ ጥጄ ከሆነም ያርርብኛል።

አባቴ መምህር ነበር። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞሮ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ተመርቆ፣ እዚያው ተወልዶ ባደገበት አገር በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ገና ጭቃውን ሳይጨርስ፣ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ልጅ እጅ እየጨበጠ፣ የአባቱን ስም እየጠየቀ፣ የቤታቸውን ላም ሳይቀር እያነሣ ያስገባን ነበር። አራተኛ ክፍል ስደርስ የእሱ ተማሪ ሆንኩ። ክፍል ውስጥ «መምህር» ብዬ እንድጠራው ቤት ውስጥ ተማምለን ወጥተን፣ በመጀመሪያው ቀን እጄን አውጥቼ «አባ» ስለው ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፣ እሱም ወደ ሰሌዳው ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከልጆች ጋር ብቻውን ሲሆን እንደሱ የሚያስተምር ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፣ ይህን የምለው አባቴ ስለሆነ አይደለም፤ እሺ፣ አባቴ ስለሆነም ነው። ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሹም ነገር፣ ትልቅ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሲያየው ምላሱ ይተሳሰር ነበር።

እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፣ ፈታይ ነበረች። ምን ፈታይ ብቻ! የላሊበላ ሸማኔዎች ለካህናት ጥምጣም የሚሆን ቀጭን ክር ሲፈልጉ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘው እሷ ዘንድ ይመጡ ነበር፣ እሷም እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ ገፋ አድርጋ ለቀቅ ስታደርገው፣ ክሩ ከጥጡ ውስጥ መቋጠሪያው ሳይታይ፣ ሳይወፍር ሳይቀጥን ይወርድ ነበር። ስትፈትል አፏም አያርፍም። አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ ደስ ሲላትም ስትናደድም «መምህር» ነበር የምትለው፣ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው በድምፅዋ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ በተከመረበት ሰሞን፣ ከወረዳ አንድ ሱፐርቫይዘር መጥተው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ረጅም፣ ኮስታራ፣ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ የዘጉ ሰው ነበሩ። አባቴ ጠመኔውን አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረና እዚያው ቀረ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ እየጠቆረ፣ አንድ ቃል ጽፎ እያጠፋ፣ ያጠፋውን መልሶ እየጻፈ ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፣ ሲሰናበቱት እንኳ በለሆሳስ ነበር የተናገሩት፤ ነገር ግን ሁለተኛው ግምገማም እንዲህ ከሆነ ቆላ ወርዶ፣ ወደ ተከዜ በኩል፣ መምህር ወደ ጠፋበት ትምህርት ቤት እንደሚዛወር አልደበቁትም።

እዚያ ለመድረስ በእግር ሙሉ ቀን ይፈጃል። እናቴ ልትከተለው አትችልም፣ ምክንያቱም አባቷ፣ ቄሱ አያቴ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር፣ ያለ እሷ እጅ ደግሞ ከደጅ አይወጡም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አባቴ በሁለተኛው ግምገማ ቀን ከተናገረ አብረን እንኖራለን፣ ዝም ካለ ቤታችን ለሁለት ይከፈላል። በዚያ የበጋ ብርድ ውስጥ እናቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም፣ ብቻ ጥጧን ስትባዝት እጇ ይፈጥን ነበር።

ጥር ሆኖ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባቴ የዓመቱን ዕቅድ አውጥቶ ሲያየው፣ በግምገማው ሰሞን የሚደርሰው ትምህርት የእንቅስቃሴ ዓይነቶች ሆኖ ተገኘ፣ የሽክርክሪት እንቅስቃሴና የዥዋዥዌ እንቅስቃሴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወጋግራው ላይ ድንጋዩን አንጠልጥሎ ብቻውን ይለማመድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቱን ነፍቶ፣ የሽክርክሪት እንቅስቃሴ ማለት አንድ አካል በራሱ ዛቢያ ላይ ሲዞር ነው ብሎ ለግድግዳው አወጀ። እናቴ ቀና ብላ ዛቢያ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ ሊያስረዳ ጀመረ፣ ቃል ጨመረ፣ ሌላ ቃል ጨመረ፣ ይባስ አጠፋው። እሷም ሰምታው ሰምታው፣ እንዝርቷን አሽከርክራ ወደ ፊቱ አቀረበችና በሌላኛው እጇ መሐሉ ላይ የቆመውን እንጨት እያመለከተች፣ «ይቺ ናት? ሌላው ሲዞር እሷ ከቦታዋ የማትሄደው?» አለችው።

አባቴ እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ ለቀቀው፣ እግሩን ለጥቂት ሳተው። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ካልገባሽልኝ ብሎ አላስቀምጥ አላት። ኧረ ወዲያ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ተማሪ ፊት ምን ልሠራ ብላ ስንት ጊዜ መለሰችው፣ አንድ ጊዜም ተቆጥታ የጥጥ ቅርጫቷን ይዛ ደጅ ወጣች። በመጨረሻ እሺ ያሰኛት የእሱ ልመና አልነበረም። አያቴ ከጥጋቸው ሆነው፣ ባል ቆላ ወርዶ በወባ ከሚተኛ ሚስት አንድ ቀን ብታፍር ይሻላል አሉና ነገሩ ተቆረጠ።

የካቲት ላይ ሱፐርቫይዘሩ የፊታችን ሐሙስ እመጣለሁ ብለው ላኩ። አባቴ ዕቅዱን አዘጋጅቶ፣ በርዕሰ መምህሩ አስፈርሞ፣ መርጃ መሣሪያ በሚለው ቦታ ላይ እንዝርት ብሎ ጽፎ ላከ፣ ከዚያም ከድንጋጤ በቀር ሌላ ነገር በጭንቅላቱ አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ጥጡንም እንዝርቱንም ሰብስባ ቅርጫቱን ስትከድን አባቴ ነገ የሚያስፈልገውን ለምን እንደምትከድን ጠየቃት። ቆም ብላ አየችው። «ነገ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም። ዳዊት የደገመ ሰው ማርያምን ይረሳል እንዴ፣ መምህር?» አለችው። በእኛ አገር በማርያም ቀን ጥጥ የምትፈትል ሴት የለችም፣ ሸማኔው ጉድጓድ አይገባም፣ ገበሬው በሬ አይጠምድም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል እንጂ ሥራ አይነካም። አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ዕቅዱ ተፈርሞ ሄዷል፣ ቀኑም አይለወጥም። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው።

እናቴ ወደ አያቴ ጠጋ አለችና ጥጥ የሌለበትን እንዝርት ማዞር በዓል መሻር ይሆን እንደሁ ጠየቀቻቸው። አያቴ የቸኮለ መልስ አያውቁም። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አሰቡና፣ «ክር ይወጣዋል?» አሉ። ከምኑ ይወጣዋል አለቻቸው። «እንግዲያ እንጨት ነው። እንጨት ማዞር በዓል አይሽርም» አሉና መልሰው መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ባዶውን እንዝርት ከአንድ የቆርቆሮ ሳህን ጋር ይዛ ክፍሉ በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሱፐርቫይዘሩ እንደዚያን ጊዜው ከኋላ ናቸው። አባቴ ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ጻፈ፣ ወደ እኛ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ከእናቴ እንዝርቱን ተቀብሎ ብድግ አድርጎ አሳየን። ይሄኔ ጉድ ፈላ። መልካሙ የሚባል የቄስ ልጅ ነበር፣ ከሁላችንም ጎበዝ፣ ብድግ ብሎ «መምህር፣ ዛሬ ማርያም ናት፣ እንዝርት አይነካም» አለ፣ ክፍሉም ማጉረምረም ጀመረ፣ ከፊት የነበሩት ልጆች እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። አባቴ እንዝርቱን እንደያዘ ደርቆ ቆመ። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ከኋላዬ ሰማሁ። አለቀልን አልኩ በልቤ፣ አባቴ ቆላ ወረደ።

እናቴ ተነሣች። ከእጁ እንዝርቱን በሁለት እጇ ተቀበለችና፣ አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው አጎንበስ ብላ፣ «መምህር፣ ከፈቀዱልኝ እኔ ልያዝልዎት» አለችው። ያን «ልዎት» ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወደ መልካሙ ሄዳ እንዝርቱን አስያዘችው፣ ጥጥ እንደሌለበት በጣቱ አስዳሰሰችው፣ ቄስ አያቴን አስፈቅዳ እንደመጣች ነገረችው፣ አያቴ ደግሞ ለአባቱ የንስሐ አባት ነበሩና ልጁ አምኖ ተቀመጠ። ከአባቴ ጠመኔ ተቀብላ የእንዝርቱ ክብ እንጨት ዳር ላይ አንዲት ነጥብ አደረገች። ጫፉን ሳህኑ ላይ አቁማ በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ ስትለቀው፣ ጥጥ ስለሌለበት እንደ ወትሮው ሳይከብደው፣ ብቻውን ቆሞ ዞረ፣ ነጥቧም ነጭ ቀለበት ሆና ታየች። ነጥቧ ወዴት ሄደች ብላ ጠየቀችን። ዞራ ትመጣለች አልን። መሐሉስ? እዚያው ነው አልን፣ አሁን ሁላችንም ቆመናል፣ አግዳሚው ባዶ ሆኗል።

«ያ እዚያው የቀረው ምን ይባላል፣ መምህር?» አለችው፣ ልክ ቤት እንደሚሆነው።

አባቴም እሷን እያየ መለሰላት። ዛቢያ ይባላል አለ፣ ከዚያም የሽክርክሪት እንቅስቃሴ ይህ ነው አለ፣ ከዚያም ስለ ወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ ስለ መኪና ጎማ፣ ስለ ምድርም ጭምር ተናገረ፣ ምላሱ ተፈታ። ቀጥሎ ድንጋዩን በገመድ ከጣሪያው እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ገፋው። ይኼስ ዙሩን ይጨርሳል ወይ አለን፤ አይጨርስም፣ ሄዶ ይመለሳል አልነው። እናቴ ገመዱ ቢያጥር ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል ብላ ስትጠይቅ ሁላችንም ይዘገያል ብለን ጮኽን፣ እሷም ገመዱን በግማሽ አሳጥራ ስትለቀው፣ ድምፃችንን አንድ አድርገን ስንቆጥር፣ ፈጥኖ ተመለሰ። ወተት ሲናጥ ቅሉ የተንጠለጠለበት ገመድ ካጠረ ቅሉ እንደሚቸኩል፣ ክንድም እንደሚደክም ያወቀችው ገና እንደኛ ልጅ ሳለች ነው አለችን። አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያያት። ይኼን እሱም አያውቀውም ነበር፣ አለማወቁንም በክፍሉ ፊት ተናገረ፣ እኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼባቸው አላውቅም።

በማግስቱ አባቴ የግምገማ ወረቀቱን ይዞ ገባ። ከደጅ ጀምሮ ፊቱ ይስቅ ነበር፣ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ዝውውር የለም። አያቴ ተመስገን ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። እናቴ እጇን ነጠላዋ ላይ እየጠራረገች፣ ስለ እሷስ ምን እንደጻፉ ጠየቀች፣ እንደ ቀልድ ነበር የጠየቀችው፣ ግን መልሱን ቆማ ጠበቀች። አባቴ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘ። «የመምህሩ ባለቤት ትምህርቱን ከማንም በላይ ግልጽ አድርገው አስረድተዋል፣ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል» ብሎ ቀስ እያለ አነበበላት። እኔ ከክንዱ ሥር ገብቼ ወረቀቱን አየሁት። ስለ እናቴ አንድም ቃል አልነበረበትም። መርጃ መሣሪያ በሚለው አንጻር «እንዝርት፣ ገመድ፣ ድንጋይ» ይላል፣ በቃ። ላርመው አፌን ስከፍት አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ እኔም ዋጥኩት።

ያንን ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ። አባቴ አምና ዐረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ ከእናቴ ጋር ሣጥኑን ስንከፍት ያ ወረቀት ከጸሎት መጽሐፎቹ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ፣ እናቴም ተቀብላ በመዳፏ ዘረጋጋችው። ከእንግዲህ መደበቁ ምን ያደርጋል ብዬ፣ ያን ቀን ያነበበላት እዚህ ላይ እንዳልተጻፈ እያለቀስኩ ነገርኳት። ሣቀችብኝ።

«አንቺ ደግሞ! ያኔ ሲያነብ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ መች ነበር? እኔን እያየ ነበር የሚያነበው» አለችኝ።

እኔም ዛሬ ላሊበላ ከተማ ውስጥ መምህርት ነኝ፣ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ልጆቹ የሚዞረውንም የሚወዛወዘውንም በስልክ ቪዲዮ ስላዩት ከእኔ ቀድመው ይመልሱልኛል፣ እንዝርት ሳሳያቸው ግን ምንነቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የሚገመግሙኝ ሲመጡ ምላሴ አይተሳሰርም፣ ነጥቤም ከአባቴ ይበልጣል። ወረቀቱን ተቀብዬ ቤቴ እገባና ብቻዬን አነበዋለሁ፣ የማገኘውም የተጻፈውን ብቻ ነው።