በመሐል የቆመው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ፣ አሰበ ተፈሪ በነበረው ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር፤ እምዬ ጥሩነሽ ማታ ማታ ከምትነግረን ተረት ግማሹ የሚወጣው ከዚያ ፎቶ ነው። እምዬ የአያቴ የዘለቀ እህት ናት። በደህናው ጊዜዋ ከበደሳ እስከ ሚኤሶ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ለቅሶ ቤት መሐል ቆማ የሟቹን አባቶች በግጥም እየጠራች አገር የምታስለቅስ። እርጅና ድምጿን ሲወስድባት ተረቷ ለእኛ ተረፈ። የምድጃው ፍም አመድ መልበስ ሲጀምር እኔና ታናሽ ወንድሜ ኦቾሎኒ እየፈለፈልን እግሯ ስር እንኮለኮላለን፤ እሷም በኩራዙ ብርሃን ወደ ፎቶው በአገጯ እየጠቆመች ስለ አያታችን፣ ስለ በቅሎዋ፣ ልጃገረድ ሳለች ስለለበሰችው ቀሚስ ታወጋናለች። እጁን በአያቴ ትከሻ ላይ ጥሎ በመሐል ስለቆመው ረጅም ሰውዬ ግን አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። «እሱስ ማነው?» ስላት «የእሱ ገና ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ነዝናዛ ነበርኩና በየማታው እጠይቃት ነበር።

ታላቅ እህቴን አስካለን ገለምሶ የሚያስተምር ኃይሉ የሚባል ወጣት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ የቀረው ዘር ቆጠራ ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙ አይጋቡም። ያኔ ደርግ ነው፤ አባቶችን ጮክ ብሎ መቁጠር «የፊውዳል ርዝራዥ» ሊያሰኝ ይችላልና እናቴ መስኮቱን ዘግታ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። አስካለ ጓዳው በር ላይ እጄን ይዛ ቆማለች።

መጀመሪያ አባቴ ቆጠረ። «ካሳ፣ ዘለቀ፣ ጎሹ፣ ወንድይራድ፣ ቢተው…» ጎሹ ሲል የኃይሉ አባት አቶ ደምሴ ቀና አሉ። ወንድይራድ ሲል ፊታቸው ተለዋወጠ። ተራው የእሳቸው ሲሆን ስሞቹ ከአፋቸው እየተጎተቱ ወጡ።

«ደምሴ፣ በለጠ፣ ጎሹ፣ ወንድይራድ፣ ቢተው።»

አቶ ደምሴ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ፎቶውን ብዙ አዩት።

«ይሄ በመሐል ያለው አባቴ ነው» አሉ። «ልጅ ሆኜ ነው የሞተብኝ፤ እናቴም ያኔ በደሳ ይዛኝ ገባች። መልኩን ግን አልረሳውም። የተለቀሰለትን ግጥም እያስጠናች ነው ያሳደገችኝ።» ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ አሉት፦

«በለጠ የጎሹ፣ የወንድይራድ ልጅ፣
ማን ብቸኛ አለህ፣ ሞልቶልህ ወዳጅ።»

ፎቶውንና እሳቸውን አስተያየሁ፤ ያው ግንባር፣ ያው ረጅም አንገት። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። አባቴም አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ ‹ወንድሜ በለጠ› ሲል እሰማ ነበር» አለ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ «እንግዲህ ልጆቹ የወንድማማች የልጅ ልጆች ናቸው፤ እግዜር አተረፈን» አሉ።

ሁሉም ወደ እምዬ ዞረ። ያንን ዘመን ከሚያውቁት በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«እትዬ፣ ይናገሩ እንጂ!» አለች እናቴ። «ያውቁታል አይደለም እንዴ?»

እምዬ የነጠላዋን ጫፍ አፍተለተለች። በመጨረሻ «ደምሴ ራቱን እዚህ ይብላ። እናንተ በሰላም ግቡ» ብቻ አለች። አስካለ እጄን ለቃ ጓዳ ገባች። አላለቀሰችም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። እምዬን በዚያች ሰዓት ጠላኋት።

አመሻሹ ላይ፣ እናትና አባቴ ጓዳ አስካለን ሲያባብሉ፣ ምድጃው ዙሪያ እምዬ፣ አቶ ደምሴና እኛ ሁለቱ ልጆች ቀረን። አቶ ደምሴ ራቱን አልነኩም። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ወደ አልጋ ቤታቸው መሄድ አለባቸው፤ ጠዋት ደግሞ በመጀመሪያው መኪና በደሳ ሊገቡ ነው።

«ተረት ተረት» አለች እምዬ።

«የላም በረት» አልን እኔና ወንድሜ ሳናስበው።

«አንድ ልጅ ነበር። በሽታ ቤተሰቡን ጨርሶበት፣ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳያውቅ፣ የቡና ነጋዴ በቅሎዎችን ተከትሎ አንድ ወንድምና እህት ቤት ደረሰ። ከስሙ በቀር የሚያውቀው የለም። አብሯቸው አደገ፤ ከወንድምየው ጋር ቡና ጭኖ ነገደ፤ አገባ፣ ወለደ። ከዕለታት አንድ ቀን ሞተ።»

አቶ ደምሴ ለእኛ ብለው ይመስለኛል ፈገግ ብለው ነበር። ፈገግታው እዚያው ደረቀ።

«እህትየዋ አልቃሽ ናት። ለቅሶው መሐል ቆመች። ሰው ሁሉ የማን ልጅ ልትለው ነው ብሎ ይጠብቃል። አባቱ ያልተጠራ ሟች ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ከብት ነው የሚቆጠር። ዞር ስትል የሟቹ ሕፃን መሬት ላይ ተቀምጦ ሽቅብ ያያታል። አንጀቷ አልቻለም። የራሷን አባቶች ጠራችለት።»

ወንድሜ «ከዚያስ?» አለ።

«ልጁስ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ልጁማ አደገ፤ ልጁን ሊድር ዞሮ አልቃሿ ቤት መጣ።»

ፍሙ ተንጣጣ። አቶ ደምሴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ እሳቱ አጎነበሱ። «ታዲያ እኔ የማን ነኝ እማማ?» አሉ። ሽበታም ሰው እንደ ልጅ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«የበለጠ ልጅ ነህ፤ ደግሞም ጨዋ ሰው ነበር። ከሱ በላይ ያለውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ መልሼ አልነጥቅህም። ብትወደው ያለቀስኩት እንደጸና ይቅር። እነዚህ ልጆች የሰሙት ተረት ነው።»

አቶ ደምሴ ተነሥተው ወጡ። እኔ አስካለን አቅፌ ተኛሁ፤ ማለት፣ ተጋደምኩ እንጂ እንቅልፍ ከየት ይመጣል። የማውቀውን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሰውየው ቢቀሩ ተስፋው ይገድላታል ብዬ ፈራሁ።

ጠዋት የበደሳ መኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ ሄደም። አቶ ደምሴም አብረው የሄዱ መሰለኝ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ግን አቶ ደምሴ ሽማግሌዎቹን አስከትለው በራችንን አንኳኩ።

«ትናንት የቆጠርኩት ስህተት ነው፤ እንደገና ልቁጠር» አሉ ቆመው። «ደምሴ። በለጠ።»

«ቀጥሉ እንጂ!» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

«ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ያኔ ዘሩ የማይቆጠር ሰው ይፈራ ነበር፤ ማን ነበር፣ ምን ነበር ይባላል። ትናንት ዘራቸው በዛ ተብሎ የከሸፈው ዛሬ አነሰ ተብሎ ሊከሽፍ ነው። አቶ ደምሴ ዓይናቸውን ከአባቴ ሳይነቅሉ ቆመዋል። አባቴ እምዬን አየ፤ እምዬ ፎቶውን ታያለች።

«የበለጠ ልጅ መሆንዎ ለእኛ ይበቃናል» አለ አባቴ።

ከጓዳ የአስካለ ልቅሶ ተሰማ። ከትናንት ጀምሮ ያፈነችው ነው።

እምዬ ሠርጉን አየች፤ ፎቶውንም ከግድግዳው አውርዳ ለአስካለ ሰጠቻት። ቡራኬዋ እሱ ነበር። ያን ማታ የሰማሁት ተረት ይሁን ኑዛዜ ዛሬም አልለየሁትም። አቶ ደምሴ ዝም ብለው ሰባት አባት ሊያተርፉ ሲችሉ ሁለት ይዘው መቆማቸው ግን ካየሁት ድፍረት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከዓመታት በኋላ አስካለ ቤት ብሄድ፣ አቶ ደምሴ አርጅተው፣ የልጅ ልጃቸውን ፎቶው ስር አስቀምጠው ዘር ያስቆጥሩታል። ልጁ «በአንተ በኩል ላስቀድም?» አላቸው።

«የእኔ አጭር ነው። በእናትህ በኩል ቁጠር።»

«አስካለ፣ ካሳ፣ ዘለቀ፣ ጎሹ፣ ወንድይራድ፣ ቢተው…» አለ ልጁ። ከጎሹ ጀምሮ የሽማግሌውም ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር።