የግራ እጅ ፈትል

ወደ ባሻ ደምሌ ባና ቤት የገባሁ ዕለት፣ እትዬ ዘነቡ ስሜን ሳይጠይቁ መዳፌን ገልብጠው አዩ። «ላብ የለውም፤ ጥሩ ነው። ላብ ያለበት እጅ የበጉን ፀጉር ያጣብቃል» አሉና እንዝርት ሰጥተው ከበሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ ማንም የማያየኝ ቦታ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ የሰፈረበት ነበር። ባሻ ደምሌ ከጉና የሚወርደውን የበግ ፀጉር እየገዙ ባና፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያሠራሉ፤ ባናውን ለጣሊያን ጦር ሰፈር ዕቃ ቤት ያስረክባሉ። ለጠላት የሚለበስ መሥራት ለማናችንም ደስ አይልም ነበር። ነገር ግን በባና ቤቱ የተመዘገበች ሴት ለመንገድ ሥራ አትወሰድም። ድንጋይ ልትሸከም ሄዳ በዚያው የቀረች ልጅ በየሰፈሩ ነበረች። እናቴ እዚያ ያስገባችኝ ይህን ፈርታ ነው።

ሥራው በተራ ነው። ፀጉሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በደጋን ይነደፋል። እኛ እንፈትላለን። ሸማኔው ጋሼ አስማረ ይሸምናሉ። በመጨረሻ ባናው በሞቀ ውሃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል፤ ያን ጊዜ ተሰብስቦ ይወፍራል። የፈታዮች አለቃም አስተማሪም እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም። አጎቴ ቄስ ስለሆነ ነው ያንንም የተማርኩት። እትዬ ዘነቡ ማንበቤን ሲሰሙ ረዳታቸው አደረጉኝ። የተፈተለውን ልቃቂት እየለየሁ በየቅርጫቱ አስቀምጥ ነበር።

ሁለት ዓይነት ቅርጫት የነበረን በእሳቸው ምክንያት ነው። እትዬ ዘነቡ ግራኝ ናቸው። እኛ እንዝርቱን በቀኝ ጭናችን ላይ ስናሾር እሳቸው በግራቸው ያሾራሉ፤ ክራቸውም የሚከርረው ከእኛ በተቃራኒ ነው። ሁለቱ ክሮች አንድ ድር ውስጥ ከገቡ፣ ባናው ውሃ ሲነካው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይስብና ይጨማደዳል። ስለዚህ የእሳቸው ፈትል ሁልጊዜ ለብቻው ይሸመን ነበር።

ሲያስተምሩ አይቆጡም። መጀመሪያ ሰሞን ክሬ እየቀጠነ ይበጠስብኝ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «አንቺ ስትፈሪ ክሩም ይፈራል። እኔን አትዪኝ፣ ፀጉሩን እዪ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተበጠሰብኝ ጥቂት ነው።

የባና ቤቱ አንድ ደንብ ነበር። አዲስ ገቢ ለመቆየት የሙከራ ልቃቂት በገዛ እጇ ፈትላ ማለፍ አለባት። ልቃቂቱን እትዬ ዘነቡ ተቀብለው፣ በእኔ ሳያልፍ በቀጥታ ለጋሼ አስማረ ይሰጣሉ። ጋሼ አስማረ ከሌሎቻችን ክር ጋር ለድር ይወጥሩታል። ካልተበጠሰ ልጅቷ ታልፋለች፤ ከተበጠሰ ስሟ ይሰረዝና ጭቃ ሹሙ ለመንገድ ሥራ ይወስዳታል።

በዚያ ክረምት የሻረግ የምትባል ልጅ ገባች። ወላጆቿ የሞቱባት የጉና ሥር ልጅ ናት። በሕፃንነቷ እሳት የነካው ቀኝ እጇ ጣቶቹ አይታጠፉም። እንዝርቱ እየወደቀባት ስትስቅ እኛንም ታስቀን ነበር። ግራዋንም ሞከረች፤ አልሆነላትም። እትዬ ዘነቡ ክረምቱን ሙሉ ለብቻዋ አስተማሯት። አልተሻላትም። ሙከራው ሲደርስ ግን አለፈች። ደካማ የነበሩ ሌሎች ሁለት ልጆችም አለፉ። ገረመኝ፤ ግን ከሁሉም ጋር እልል አልኩ።

ከመስቀል በኋላ የተሸመኑት ባናዎች ሲረገጡ ትንሽ ተኮማተሩ። ጋሼ አስማረ ወጥረው ሲያደርቋቸው ተስተካከሉና ለጦር ሰፈሩ ሐኪም ቤት ተላኩ። እዚያ ሲታጠቡ እንደ አሮጊት ፊት ተጨማደዱ። የዕቃ ቤቱ ሹም ሸማኔው ሆን ብሎ አበላሸው አለ። ወታደሮች መጥተው ጋሼ አስማረን ከሽመና ጉድጓዳቸው አወጧቸው።

በጦር ሰፈሩ ግቢ ሰው እያየ ገረፏቸው። ባሻ ደምሌ በቱርጁማን በኩል ብዙ ለምነው አስፈቷቸው። ጋሼ አስማረ ሲመለሱ መቀመጥ አልቻሉም፤ ግድግዳውን በትከሻቸው ተደግፈው ቆሙ።

ባሻ ደምሌ የተመለሱትን ባናዎች አምጥተው ከአንዱ ጫፍ ክር መዘዙና ለእኔ ሰጡኝ። ልቃቂት የምለየው እኔ ነኝና የማን እጅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ክሩን በጣቶቼ መካከል ሳዞረው ወደየት እንደከረረ ወዲያው አወቅሁ። ክሩን በመዳፌ ጨብጬ ያዝኩት።

«ልጅቷን አያስጨንቋት» አሉ እትዬ ዘነቡ። «የእኔ ነው። ለሦስቱ ልጆች የፈተልኩላቸው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ባሻ ደምሌ ሁላችንንም ሰበሰቡ። እትዬ ዘነቡ አለቃ ሆነው ይቆዩ ወይስ ይውረዱ፣ የሚወሰነው ይህ ነበር። ባሻ እንዲቆዩ ይፈልጉ ነበር። እንደ እሳቸው የሚያስተምር ሰው በአገሩ እንደሌለ፣ ጥፋቱም በርኅራኄ የመጣ እንደሆነ ተናገሩ። ወደ ጋሼ አስማረ ዞረውም፣ እሳቸው ከወረዱ አንተ ታስተምርልኛለህ ወይ ብለው ጠየቁ።

«እኔማ በጀርባዬ ተምሬያለሁ» አሉ ጋሼ አስማረ። የሳቀ አልነበረም።

እትዬ ዘነቡ የሻረግን እያዩ፣ «እህ፣ አስማረ፣ ምን ላድርግ? ይህችን ልጅ ለድንጋይ ልስጣት?» አሉ።

«እኔን ሲሰጡኝስ ጠይቀውኛል?» አሉ ጋሼ አስማረ በዝግታ። «አለንጋውን የያዙት እርስዎ አይደሉም። ይህን አውቃለሁ። ግን ስገረፍ ለምን እንደምገረፍ አላውቅም ነበር። የከፋኝ እሱ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

ባሻ በመጨረሻ እኔን በስሜ ጠሩኝ። «ይታይሽ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሥራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ያን ያህል ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። መሬት መሬት እያየሁ፣ «ይፍተሉ። አያስተምሩ» አልኩ።

ባሻ ብዙ ካሰቡ በኋላ እንደዚያው ፈረዱ። እትዬ ዘነቡ ከአለቅነት ወርደው ከፈታዮቹ ጋር ተቀመጡ። በቦታቸው እኔ ተሾምኩ። አልፈልግም ብልም የሰማኝ የለም። ልጆቹ ከኋላዬ፣ ዝምተኛዋ ለካ መንበሩን ስታይ ኖራለች ይሉ ነበር። እውነት አለመሆኑን ለማስረዳት አፍ አልነበረኝም፤ ሥራዬን ያዝኩ።

ሦስቱ ልጆች እንደገና እንዲፈተኑ ታዘዘ። ሁለቱ በስንት ልፋት አለፉ። የየሻረግ ክር ግን ገና ሲወጠር ተበጠሰ። አልሳቀችም። እኔ እትዬ ዘነቡን አየሁ፤ እሳቸው ግን እንዝርታቸውን ብቻ ያዩ ነበር።

አላለፈችም ብዬ ተናገርኩ። ተናግሬም መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ ባሻ ደምሌ ዘንድ ሄድኩና፣ የሻረግ እጇ እንጂ እግሯ ደኅና መሆኑን፣ ባና ለሚረግጡት ሰው እንደሚጎድል፣ እዚያ ትግባ ብዬ ለመንኳቸው። ድምፄ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለቴ አስደገሙኝ። አጉረመረሙ፤ ለሴት የሚሆን ሥራ አይደለም አሉ። ጋሼ አስማረ ከጉድጓዳቸው ሆነው፣ «ትርገጥ፤ እኔ እመሰክርላታለሁ» አሉ። ባሻም እሺ አሉ። ስሟ ሳይሰረዝ ቀረ።

ማታ ስንወጣ እትዬ ዘነቡ ጠበቁኝ። ከተሾምኩ ወዲህ አላነጋገሩኝም ነበር።

«እኔ ብጠይቃቸው ኖሮ እሺ ይሉኝ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እኔም አላውቅም። አልጠየቅኋቸውማ።» ከዚያ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እትዬ ዘነቡ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አብረውን ፈተሉ። ጋሼ አስማረ ዛሬም ይሸምናሉ፤ በብርድ ጊዜ ግን ጀርባቸው ስለማያስቀምጣቸው ቶሎ ቶሎ ይነሣሉ። እኔ አሁንም አስተምራለሁ።

አዲስ ለምትገቡ ልጆችና ከእኔ በኋላ ለምታስተምሩ ይህን ጽፌያለሁ። የሙከራውን ልቃቂት ልጅቷ ራሷ ትፍተል። ካልቻለች አስተማሪዋ አልቻለችም ትበል፤ ከዚያ ስለ እሷ ትለምን። እትዬ ዘነቡ ከአለቅነት መውረዳቸው ተገቢ ነበር። የእሳቸውን ያህል የሚያስተምር ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።