ለመንግሥት ዋስ የሆንኩበት ጾም

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈራችን ሰው አዳራሽ ተጠርቶ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ እንዲህ ያለ ስብሰባ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እኔም አላስታውስ፣ ወንበሩም አያስታውስ። ጉዳዩ ጤና ጣቢያው ነበር። ግድግዳው ተገንብቶ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ በሩ እንደተቆለፈ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቶበታል። ደጃፉ ላይ የበቀለውን ሣር የጎረቤት በጎች ይግጡታል፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን አሁንም ከተማውን አቋርጣ ትሄዳለች። ሰዉ እየተነሣ ይህንኑ ተናገረ። ወጣቱ ኃላፊ በትሕትና አዳመጠና «በቅርብ ጊዜ ይከፈታል» አለ። ያን ጊዜ፣ ሰዉ ጋቢውን እያጣፋ ሊነሣ ሲል፣ እኔ ሳላስበው ከተቀመጥኩበት «ዋሱ ማነው?» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊውም ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ሽማግሌ ሲናገር መሳቅ ደግሞ ነውር መሆኑ የቀረ ይመስለኛል። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። የገብስ ገለባ ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ፤ አንድ የካቲት፣ አንድ ረጅም መንገድ፣ ከካፖርቴ ጋር የተቋጠረ አንድ የነጠላ ጫፍ ታየኝ።

ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ስሟን ብተወው ይሻላል፣ በውሃ ጽሕፈት ቤቱ የቧንቧ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሚያፈስ ቧንቧ ማሰር፣ የተዘጋ መክፈት ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ አይቻልምና የሟች አባቴን ካፖርት ለብሼ እውላለሁ። ካፖርቱ ከእኔ ይሰፋል፤ እጀታው ጣቶቼን ይውጣቸዋል። ሩቅ ላለ ሰው ግን ሹም ያስመስለኛል፤ እኔም ይህን አልጠላሁትም።

የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከበላይዋ፣ ጉና እግር ሥር ካለ መንደር ምንጭ ነው። ምንጩ ተከድኖ ወደ ቧንቧ ሲገባ ለመንደሩ አንድ ቦኖ ሊቆምለት ቃል ተገብቶ ነበር። ሰው እንስራውን ይዞ መጥቶ የሚቀዳበት፣ አንድ የቧንቧ አፍ። ሲሚንቶው እንኳ ፈሶ ነበር፤ አፉ ግን አልተገጠመም። ውሃው በመንደሩ መካከል፣ በማሳው ሥር አልፎ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ የመንደሩ ሴቶች ግን ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። እነሱ ሲመጡ የእኛ ኃላፊ ስብሰባ ነው። ሲመለሱም ስብሰባ ነው። በሚቀጥለው በጀት ይባላሉ፤ በጀቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ የሚቀጥል በጀት ይኖራል።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች ከዚያ መንደር መጡ። አንደኛዋ እመት አንጓች ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሴት። ሁለተኛው የመንደሩ ደብር አገልጋይ ቄስ አዳነ ናቸው፤ ዝናብ በሌለበትም ጥቁር ጃንጥላቸውን አይለዩም። ቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

«የሉም?» አሉ እመት አንጓች ገና ከደጅ።

«ስብሰባ ናቸው፣ እመት።»

«አንተስ ልጄ? ደመወዝህን የሚሰጥህ መንግሥት አይደለም?»

«ነው፤ ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

እመት አንጓች ቄሱን አዩ። ቄሱ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። ከዚያ እመት አንጓች እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «በሕግ አምላክ!» አሉ።

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ደረቅሁ። በዚያ አገር ያደገ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ አይንቀሳቀስም፤ የሚሮጥም ቢሆን ይቆማል። እሳቸው ቀስ ብለው ቀረቡኝ፤ የነጠላቸውን ጫፍ በካፖርቴ የቁልፍ ቀዳዳ አሾልከው ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እመት?»

«እያቆራኘሁዎ ነው» አሉ። «መንግሥትን ከስሻለሁ። ደጁ ድረስ መጥቼ ያገኘሁት መንግሥት እርስዎ ነዎት። ይነሡ፣ ወደ ዳኛ እንሂድ።»

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው አገር አቋርጠው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር ከአያቴ ሰምቼ ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር። ከቋጠሮው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን አንቱታው ነው። አሁን አንተ፣ ልጄ ሲሉኝ የነበሩ ሴት፣ እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት፣ በአንድ ቋጠሮ አንቱ አሉኝ። የአባቴ ካፖርት ያን ጊዜ ከበደኝ።

«ዋስ ካለዎት ይጥሩ» አሉኝ፤ «ዋስ ከቆመልዎት እፈታዎታለሁ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ምሳቸውን ከእኔ ጋር የሚካፈሉትን የቢሮውን ዘበኛ ጋሽ ተገኘን ጠራኋቸው። ጋሽ ተገኘ ቋጠሮውን አዩ፤ እመት አንጓችን አዩ፤ ቆባቸውን አወለቁ።

«ላንተ ለራስህ ቢሆን ከነቤቴ እዋስሃለሁ» አሉ። «ለመንግሥት ግን... ይቅርብኝ ልጄ። የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

ተያይዘን ወደ መንገዱ ወጣን። ሰው ተሰበሰበ፤ ሳቁም ቀልዱም ደራ። ሻይ ቤት ያላትን ሴት ጠየቅኋት፤ ጀበናዋ እንደተጣደ ትዝ አላትና ገባች። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ነገር መፈለግ ጀመረ። በየዓመቱ በበዓል ቀን ለመንግሥት ቆሞ የሚያጨበጭበው ከተማ ሁሉ፣ ዋስ የምትለው ቃል ስትነሣ ዓይኑን ወዲያ አደረገ። እኔም ብሆን አልዋሰውም ነበር።

«መኪና እንሳፈር» ብላቸው «መኪና ላይ ይስቁብዎታል፤ በእግር ይሻላል» አሉ። ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር በእግር ጉዞ ጀመርን፤ እኔና እመት አንጓች ተቋጥረን፣ ቄስ አዳነ ከኋላችን ዳዊት እየደገሙ።

የካቲት በዚያ ደጋ ላይ የራሱ ፀጥታ አለው። እህሉ ገብቷል፤ ማሳው ራቁቱን ነው፤ ገለባው በየአውድማው ዳር ተከምሮ ፀሐይ ይሞቃል። ከሩቅ ጉና ከሰማዩ እስኪቀላቀል ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነጠላው ይወጠርና ይጎትተኛል፤ እኔም ሳላውቅ እጎትታቸዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ እግራችን ተስማማ። ከሰው ጋር ተቋጥሮ መሄድ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ነገር አለው። እኔ ለወትሮው ቸኳይ ነኝ፤ ያን ቀን ግን መንገዳችን ላይ ካለው መንደራቸው መቼ እንደደረስን፣ መቼ እንዳለፍነው ዛሬም አይለይልኝም።

አንድ ሸለቆ ላይ ቧንቧው ከመሬት ወጥቶ በአየር ላይ ይሻገራል። እዚያ ስንደርስ እመት አንጓች ቆሙ፤ እኔም የግዴን ቆምኩ። ጆሮዬን ብረቱ ላይ እንዳስጠጋ አደረጉኝ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ውስጡ ውሃው ይሄዳል፤ ሰው ከሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚያወራ ይመስላል።

«ጠዋት ጠዋት ያልበዋል» አሉኝ። «ከብቶቹ እየመጡ ይልሱታል። እኛም አንዳንዴ ድካም ሲይዘን እዚህ ተቀምጠን እንሰማዋለን። የኛ ምንጭ አይደል? ድምፁን እናውቀዋለን።»

በሥራዬ ያን ቧንቧ ስንቴ ረግጬው አልፌያለሁ። ሰው ጥም ይዞት ጆሮውን የሚያሳርፍበት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ደብረ ታቦር ስንገባ፣ እመት አንጓች ዳኛ ያሏቸው የበላይ ኃላፊያችንም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ካለ ጽድ ሥር ተቀመጥን። የቀኑ ጾም ገና አልተፈታም፤ እኔ ልብላ ብል እንኳ ከሚጾም ሰው ጋር ተቋጥሬ እንዴት እበላለሁ? እመት አንጓች በእቅፋቸው ትንሽ የበሶ ዱቄት ይዘው ነበር። ነፋሱ ጽዱን ያወዛውዘዋል፤ ጥላው ፊታችን ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። እመት አንጓች ደክሟቸው ኖሮ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የጭስና የበሶ ሽታ ነበራቸው። እንዳይነቁ ብዬ ሳልንቀሳቀስ ትከሻዬ ደነዘዘ።

ኃላፊው ሲወጡ መጀመሪያ ሳቁ። ወዲያው ግን ግቢው ውስጥ ጉዳይ ይዞ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሥቶ እንደቆመ አዩና ሳቃቸውን ተዉት። የገበሬ ልጅ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር፤ ቋጠሮው ምን እንደሆነ አልጠየቁም።

«ምን ይሁንልዎ፣ እመት?»

«ቃል የተገባልን አንድ ቦኖ። ሌላ ምንም።»

«ትንሣኤ ሳይደርስ ይከፈታል። በሉ ልጁን ይፍቱት።»

«ዋሱ ማነው?» አሉ እመት አንጓች።

ኃላፊው ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ፤ ጸሐፊዋ ጫማዋን አየች። በመስኮት አንገታቸውን ያወጡት ሠራተኞች አንገታቸውን መለሱ። ከጽዱ ላይ አንዲት ርግብ ስትበር ክንፏ ተሰማ። ያን ጊዜ «እኔ» አልኩ። ትከሻዬ ላይ ስለተኙ ይመስለኛል።

«ተከሳሽ ለራሱ ዋስ ይሆናል እንዴ?» አሉ እመት አንጓች፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

ቄስ አዳነ ጥቂት አሰቡ። «የተቆራኘው መንግሥት ነው» አሉ። «ዋሱ ደግሞ ልጁ ነው። ሌላ ሰው ነው፤ ይሆናል።»

እመት አንጓች ቋጠሮውን ፈቱ። «በል እንግዲህ ልጄ» አሉኝ፤ አንተ ሆኜ ተመለስኩ። «የናትህ ቤት ወዴት ነው? ዋስ ቤቱ መታወቅ አለበት።»

ቤታችን እዚያው ደብረ ታቦር፣ ቅርብ ነበር፤ ወሰድኳቸው። የቀኑ ጾም ተፈቶ በሶውን በእናቴ ውሃ በጥብጠው ጠጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀላል ነው ብዬ አላወራም። ከኃላፊው ምንም ትእዛዝ አልመጣም። የሥራ ባልደረቦቼ ስሜን ትተው «ዋሱ» ይሉኝ ጀመር። እመት አንጓች ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ገበያ በዋሉ ቁጥር እናቴ ዘንድ ጎራ ይላሉ፤ ጤናዋን ይጠይቃሉ፤ ከሰዓት ከሆነ «እስቲ ውሃ አጠጪኝ» ይላሉ። ቀስ ብለው ይጠጣሉ። አመስግነው ይሄዳሉ። ስለ ቦኖው አያነሡም። እናቴን ያንገበገባት ይህ ነበር።

«አንተ ልጅ» ትለኛለች ስመጣ፣ «ዛሬም ውሃዬን ጠጥተው ሄዱ።»

እኔም ኃላፊው ደጅ መሄድ ልማዴ ሆነ። አንዴ ይቆጡኛል፣ አንዴ ያሾፉብኛል። ጾሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ መጣች። ኃላፊው በዕድሜ ትበልጣቸዋለችና ተነሥተው ተቀበሏት።

«ልጄ ታስሮብኛል» አለቻቸው። «ይፍቱልኝ።»

«ልጅዎ ይኸው ቆሟል! ማን አሰረው?»

«እርስዎ» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኃላፊው መጋዘን ያዡን አስጠሩ።

የቧንቧውን አፍ የገጠምኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ በሆሳዕና ሰሞን። ቧንቧው አሳለ፤ ቀይ ዝገት ተፋ፤ ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ጾም መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ዓይናቸው ግን እልል ይል ነበር። ከብቶቹ ድምፁን ሰምተው መጡ። እመት አንጓች እጃቸውን ታጥበው፣ በእርጥብ ጣታቸው የካፖርቴን የቁልፍ ቀዳዳ ነክተው «ከዋስነትህ ወርደሃል» አሉኝ። በሕይወቴ ሹመትም ሽልማትም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ያቀለለኝ የለም።

እመት አንጓችም እናቴም አልፈዋል። ካፖርቱን ብል በላው። እሑድ አዳራሹ ውስጥ የተሳቀብኝ እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳልናገር ነው።

ስብሰባው ተበትኖ ስወጣ አንዲት ወጣት ተከትላኝ ደረሰች። ለተዘጋው ጤና ጣቢያ የተመደበች ነርስ መሆኗን ነገረችኝ፤ እስኪከፈት ድረስ ከተማው መሀል ካለው ሌላ ቢሮ ወንበር ተሰጥቷታል። «አባባ፣ ዋስ ያሉት ምኑን ነው?» አለችኝ። መንገዱ ዳገት ነው፣ እኔም ዝግተኛ ሆኛለሁ፤ ታሪኩን ሁሉ አወራኋት።

«ዋስ የሆነ ሰው ቃሉ ካልተፈጸመ ምን ይሆናል?» አለች።

«እስኪፈጸም አይፈታም» አልኳት። «እናቱም አትፈታም።»

እስከ መታጠፊያው ድረስ አብራኝ ሄደች። ከዚያ «እኔ ብሆንስ?» አለች።

ፈራሁላት። ደስም አለኝ። ሹራቧ ላይ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ ቋጠሮ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አሰብኩ። ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። የእናቷ ቤት የት እንደሆነም ጠየቅኋት።

«ቤታችን ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ እየሳቀች።

«የሰፈሩን ሴቶች ይዤ እመጣለሁ» አልኳት። «ውሃ እንጠጣለን።»