ሦስት ጊዜ ያሳዩኝ እጥበት

የዚያን ዕለት ጠዋት ሀዋሳ፣ መናኸሪያ አጠገብ በነበረው ጤና ጣቢያ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በሩ ላይ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መስኮቱ ሥር፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ የነበሩት፣ አሁን ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አክስቴ ማጠቢያው አጠገብ፣ እኔም ከኋላቸው ቆመን ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አክስቴ ዘንድ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገብቼ ነበር። እሳቸው ማንኛውንም ሥራ ሦስት ጊዜ አሳይተው አራተኛውን ለሚማረው ሰው ይተዉ ነበር።

«ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም፣ ይጫራል። በለስላሳ ጨርቅና ለብ ባለ ውሃ ብቻ» ብለው ሦስት ጊዜ አሳይተውኛል። እኔ ግን ቶሎ ልጨርስ ብዬ፣ የነበረንን አንድ የፕላስቲክ የፈሳሽ መለኪያ በድስት ሽቦ ፈተግሁት። መስመሮቹ ከነቁጥራቸው ጠፉ።

«ጓድ፣ ይሄ አሻጥር ነው» አለ ኃላፊው። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። «ልጅቷ አልተነገራትም?»

«አላሳየኋትም» አሉ አክስቴ።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሳቀ። «እርስዎ? መጥረጊያ አያያዝ እንኳ ሳያሳዩ የማያልፉት?»

«ይህን አላሳየኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላችሁ ጻፉ።»

 ከዚያ በኋላ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ እኔም አላመሰገንኳቸውም። አሁን የፕላስቲክ ጆግ ሳጥብ ከጎኔ ቆሞ እጄን የሚያይ የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት አክስቴ መለኪያውን ቀስ ብለው አለቀለቁት፤ ፎጣ ላይ ደፉት። ጋዋናቸውን አውልቀው ሰቀሉና ጥፋቱን በስማቸው ሊያስመዘግቡ ከኃላፊው ጋር ወጡ።