ልብ ወለዴን ምስክርነት አደረጉት

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፣ ፊደልም እስታለሁ፤ ስምንተኛን የጨረስኩት በመከራ ነውና ይቅር በሉኝ።

ጁባ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ አጭር ልብ ወለድ መጻፍ እንማራለን። አስተማሪያችን ወንድም ታምሩ፣ «በታሪክ ውስጥ ‹እኔ› የሚለው ተራኪው እንጂ ደራሲው አይደለም» አለን። ደስ አለኝ። ሰው ፊት አፌ የሚተሳሰረው ልጅ፣ በሌላ ሰው «እኔ» እንደ ልቤ ላወራ ነው።

እሁድ ዕለት ምን እንደጻፍኩ እንኳ ሳያይ፣ «ነይ፣ ለጉባኤው አንብቢ» ብሎ ማይክ ሰጠኝ። ማንበብ ጀመርኩ።

«የጾም ጸሎቱ ሳምንት ነበር። እኔ ግን ወንዝ ዳር ወዳለው ረጃፍ ወርጄ፣ ዛፍ ሥር ተደብቄ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ብቻዬን ጨረስኩ።»

እኛ ዘንድ ማይክ ይዞ «እኔ» ያለ ሁሉ ምስክርነት እየሰጠ ነው። «ኢየሱስ!» ብለው እናቶች ተነሡ።

«ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ!

«አዋረድሽኝ!» አለች የምታሳድገኝ አክስቴ። «ከእንግዲህ የቅዳሜ ትምህርት የሚባል የለም!»

ያስረዳልኛል ብዬ ወንድም ታምሩን አየሁት። እሱ ግን ሮጦ መጥቶ ጭንቅላቴን ጨመቀና ከሁሉም በላይ ጮኸ፦ «አንተ የሆዳምነት መንፈስ፣ ልቀቃት!»

አክስቴ ትምህርቱን ከለከለችኝ። ያስተማረን ግን እውነት ነበር፤ «እኔ» ያልኩት እኔ አልነበርኩም። ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገራችሁ፦ በዚያ የጾም ሳምንት ለአክስቴ ምግብ ቤት ዓሣ ልገዛ ረጃፍ ስወርድ፣ ዛፉ ሥር ተደብቆ ጣቱን ሲልስ ያየሁት ወንድም ታምሩን ነው።