ድንጋይ ወደ ላሊበላ

ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ዳገት ስወጣ የካምቢዮው የሙቀት መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ተሳቢው ለአንድ ሆቴል ወለል የሚሆን እብነ በረድ ጭኗል። ማርሽ ቀድሜ ባለመቀነሴ ራሴን እየረገምኩ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጎማው ሥር ታኮ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ትቼ ዘይቱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንግዲህ።

በእግራቸው ለገና የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ተሳቢው ጥላ ሥር አረፍ አሉ።

«ምን ጭነህ ነው ልጄ፣ መኪናህ እንዲህ የሚያቃስተው?»

«ድንጋይ ነው፣ እማማ» አልኳቸው በንዴት።

«ወደ ላሊበላ? ድንጋይ?» ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ጭነቱን አራግፌ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ጣሪያው ከቆምኩበት መሬት እኩል ነው፤ ግድግዳው ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከነመስኮቱ፣ ከነበሩ። የድንጋይ መገጣጠሚያ በዓይኔ ፈለግሁ፤ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ዳገት ለዳገት ሸክም ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄን ቤት ማንም ወደዚህ አልጎተተውም። ቤት ያልሆነውን ብቻ ጠርበው አወጡ፤ ቤቱን እዚያው ተዉት።