እናቴ ቆብ እስክትደፋ

ባለፈው ሳምንት የዶርም ጓደኛዬ ከቤት የተላከላትን በሶ ስትፈታ፣ የተቆላ ገብስ ሽታ ክፍሉን ሞላውና የማነበውን መጽሐፍ አጠፍኩት። የእናቴ በሶ ከዚህ ይልቅ እርር ያለ ነበር። ገብሱን በሙቀጫ ፈትጋ ስትቆላው ጠቆር ሳይል ከእሳት አታወርደውም፤ ለምን ስንላት ቶሎ እንዳይበላሽ ነው ትለናለች፣ እኔ ግን ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛ እየረሳችው ይመስለኛል።

እናቴ ብዙ ወልዳለች፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። አባቴ ሲሞት ገና ድክ ድክ እል ነበር ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ወንድሞቼን ድራ፣ እህቶቼ በወለዱ ቁጥር እየሄደች ገንፎ አገንፍታ፣ ክረምት ክረምት የገብሱን አረም ስታርም ወገቧ ጎበጠ። በእኛ አገር በታች ጋይንት ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ካበቃች በኋላ ቆብ ደፍታ መመንኮስ ትመኛለች። ከዚያ በኋላ የቤት ጣጣ የለባትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎጆ ይሠራላትና እየጸለየች ታርፋለች። የእናቴ እኩዮች ተራ በተራ ደፍተው ነበር። ከቅዳሴ ሲወጡ እነሱ ቢጫ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ትሄዳለች፤ ዓይኗ ግን ቆባቸው ላይ ነው።

የቀረኋት እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ የጎረቤት ቀበሌ ሰዎች እኔን ለልጃቸው ጠይቀው ሽማግሌ ላኩ። የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ዝማም ይህን ስትሰማ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይችን ልጅ ለባል ስጫትና እፎይ በይ እንጂ!» አለቻት። «እግዜር ስንት ዓመት የሚጨምርልሽ መስሎሽ ነው?»

«ገና ልጅ ናት፤ ትማር።»

«ጉልበትሽ እንደሁ አልቋል። ለትምህርቷ አርብ ገበያ ከተማ ድረስ ስንቅ ልታመላልሺ ነው?»

«ጉልበቴ ባያልቅማ አንቺን በዱላ ከዚህ ቤት አስወጣሽ ነበር» አለች እናቴ። አባም ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷ ግን ሳትስቅ ወደሳቸው ዞረች። «አባቴ፣ ቆቡን ደፍቼ ስንቋን ባመላልስላትስ?»

«መነኩሴ ገበያ ለገበያ ሲዞር አያምርም። ወይ ቆቡ ነው፣ ወይ ገበያው ነው፣ የሻረግ።»

እኔም ጓዳ ውስጥ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«እንግዲያስ ቆቡ ይቆየኝ» አለች እናቴ። «ራሴን የት ያጣዋል?»

ሽማግሌዎቹ በመጡበት ተመለሱ። እኔ በወረዳችን ከተማ በአርብ ገበያ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፤ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። እናቴ አርብ አርብ ከገበያተኛው ጋር በእግሯ ትመጣለች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ድርቆሽ፣ ሽሮና በሶ ሳታወርድ መጀመሪያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ታያለች፤ የቤታችን አጠራረግ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሏት አያውቅም። ቀጥላ ጉንጬን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ መክሳቴን አለመክሳቴን ትመረምራለች፣ ከዚያም ወደ ጓደኞቼ ዞራ «እናንተ ወፍራችኋል፤ የማንን ስንቅ ነው የምትበሉት?» ትልና ለእነሱም ለየብቻ ትሰፍርላቸዋለች። ክረምት መግቢያ ላይ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ይለቀልቃታል። ኋላ ኋላ ምርኩዝ ያዘች፤ ገበያው ሊበተን ሲል መድረስ ጀመረች፤ መቅረት ግን አልቀረችም።

ዩኒቨርሲቲ መግባቴ በታወቀ በሳምንቱ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ቆቧን ደፋች። ፀጉሯን ተላጭታ ስትወጣ ፊቷ አንሶ ታየኝ። ጉልበቷን ስሜ «እማዬ» ስላት አክስቴ ከኋላዬ ጎሸም አደረገችኝና «ከእንግዲህ እማሆይ ነው የምትያት» አለችኝ።

«ተያት፤ እንደለመደችው ትጥራኝ» አለች እናቴ።

ኅዳር ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ጥር ላይ ወንድሜ ደወለ። የደረስኩት ከተቀበረች በኋላ ነው፤ ለቅሶ ቤት ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ራሴን ያጽናናሁበትን ነገር ለእሷም ነገርኳት፤ ቢያንስ የተመኘችውን አግኝታ ትንሽ አርፋለች አልኳት።

«ምን አረፈች!» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አርብ በመጣ ቁጥር በማለዳ ወጥታ ከአጥሩ ሥር ትቆማለች፤ ገበያ የሚሄደውን ሰው ታያለች። ‹ልጅቱ እኮ እዚያ የለችም፣ ሩቅ አገር ናት› ስላት ‹አውቃለሁ› ትለኛለች፤ ገበያተኛው እስኪመለስ ግን ከዚያ አትነቃነቅም። አባም ተቆጥተው ተቆጥተው ተዉዋት።»

ከዚያ ሁሉ ዕድሜዋ ለራሷ የተረፋት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ብቻ ነበር። ከእሱም ላይ አርብ አርቡን እኔ ወስጄባታለሁ።